ሳይማሩበት የዩኒቨርሲቲ ቡድንን ስለመደገፍ፦ ከኮሎምበስ የተሰጠ መልስ

ለተከበራችሁ የማህበረሰባችን አባላት፣

በቅርቡ ወደ ኦሃዮ ዋና ከተማ ወደ ኮሎምበስ የመጡት ወንድማችን ያነሱት ጥያቄ በጥሞና ሊመለስ የሚገባው ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ከልባቸው መከታተል ቢጀምሩም፣ አንድ የሥራ ባልደረባቸው «አንተ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አልተማርክምና እውነተኛ ደጋፊ ልትሆን አትችልም» እንዳላቸውና ነገሩ ቅር እንዳሰኛቸው ጽፈዋል። እኔም በዚህ ከተማ ለረጅም ጊዜ ኖሬያለሁ፤ በዩኒቨርሲቲው አልተማርኩም፤ ቡድኑን ግን የራሴ አድርጌ እደግፋለሁ። የባልደረባቸው ሐሳብ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

በመጀመሪያ፣ ኦሃዮ ስቴት በ1870 የተቋቋመ የክፍለ ግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በኦሃዮ የሚኖር፣ የሚሠራና ግብር የሚከፍል ሰው ለዚህ ተቋም ባዕድ ሊባል አይገባም። ኮሎምበስ እንደ ክሊቭላንድና እንደ ሲንሲናቲ የራሱ የሆነ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን ስለሌለው፣ የከተማው የፉትቦል ፍቅር በሙሉ ያረፈው በዚህ የተማሪዎች ቡድን ላይ ነው። ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው በ1922 የተከፈተ ስታዲየም በየጨዋታው ሲሞላ፣ ከታዳሚው ውስጥ የዩኒቨርሲቲውን ደጃፍ ለትምህርት ያልረገጠው ብዙ ነው። አንዱ በገበያ መሃል «ኦ-ኤች!» ብሎ ሲጮህ «አይ-ኦ!» ብሎ «ኦሃዮ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚያሟላለትን ሰው ዲፕሎማህን አሳየኝ የሚለው የለም። እኛስ አዲስ አበባ ሆነን አርሰናልን ወይም ማንችስተር ዩናይትድን ስንደግፍ፣ የትውልድ ቦታችንን ማን ጠይቆን ያውቃል?

የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ራሳቸው ቢታዩ ደግሞ ክርክሩ ይበልጥ ይዳከማል። ተጫዋቾች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደ ልብ መዛወር ከቻሉና ከ2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ከተፈቀደላቸው ወዲህ ቡድኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በ2024 የውድድር ዘመን ቡድኑን ለአገር አቀፍ ሻምፒዮንነት ያበቃው ኳስ አቀባይ ዊል ሃዋርድ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ ያሳለፈው በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ለአንድ የውድድር ዘመን የመጣ ተጫዋች «የእኛ ልጅ» ተብሎ ከታቀፈ፣ እዚሁ ቤት ሠርቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው እንግዳ የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ እውነተኛ ደጋፊ በምን ይታወቃል ከተባለ፣ እኔ መልሱን ያየሁት በዚያው ዘመን ከኖቬምበር 30 እስከ ዲሴምበር 21 ቀን 2024 ባሉት ሳምንታት ነው። ከጎረቤቱ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር ያለው ባላንጣነት በ1897 የተጀመረ ነው፤ ሁለቱ ግዛቶች ደግሞ ከዚያም አስቀድሞ፣ በ1835፣ በቶሌዶ አካባቢ ይገባኛል ጥያቄ ጦር እስከ መማዘዝ ደርሰው ነበር። በጨዋታው ሳምንት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ባሉ ጽሑፎች ላይ የሚሺጋን መነሻ የሆነው «ኤም» የሚለው ፊደል በሙሉ በቀይ ቴፕ ይሰረዛል። ኖቬምበር 30 ቀን ኦሃዮ ስቴት በአገር አቀፍ ደረጃ ሁለተኛ ሆኖ፣ በሜዳው፣ በዚያው የውድድር ዘመን 5 ጊዜ ተሸንፎ በመጣው በሚሺጋን 13 ለ10 ተረታ፤ በሚሺጋን በተከታታይ 4ኛው ሽንፈት መሆኑ ነው። አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር የሚለው ጩኸት ከተማውን ሞላው።

እኔም ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣውንም አላወግዝም። ጎበዝ ኳስ ተቀባዮች እያሉ ኳሱን ደጋግሞ በመሃል እያስሮጡ ከተከላካይ ግድግዳ ጋር መላተም ተገቢ አልነበረም፤ ይህን አይቶ መናገር የደጋፊ መብት፣ እንዲያውም የጨዋታው እውቀት ምልክት ነው። ነገር ግን የሃያ ዓመት ወጣቶችን በስማቸው እየጠሩ መሳደብ፣ «ከእንግዲህ ይህን ቡድን አላይም» ማለትና የሚቀጥለውን ጨዋታ ትኬት ለባላጋራ መሸጥ ከትችት የተለየ ነገር ነው። ልክ በሦስተኛው ሳምንት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወደ ኮሎምበስ ሲመጣ ብርቱካናማ የለበሱ ደጋፊዎቻቸው በስታዲየማችን ውስጥ በብዛት ታዩ። በዚያ ብርድ ሌሊት የቡድናችንን ቀለም ቀይና ግራጫ ለብሰው የተገኙት ግን 42 ለ17 የሆነውን ድል በዓይናቸው አዩ። ለፍጻሜ ውድድሩ የሚያልፉት ቡድኖች ከ4 ወደ 12 ያደጉት በዚያው ዓመት ስለነበር ዕድሉ አልተዘጋም ነበር፤ ኦሬገንም፣ ቴክሳስም ተሸነፉ፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖትር ዳም 34 ለ23 ተረትቶ ዋንጫው መጣ። በማግሥቱ አዲስ ቲሸርት የገዛው ሁሉ ደስ ይበለው፤ በዲሴምበር የቆመውን ግን ከእርሱ ጋር አላስተካክለውም፣ ያ ሰው ዶክተርም ይሁን ሹፌር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለባልደረባዎ መከራከሪያ ከመፈለግ ይልቅ ቡድኑን ይወቁ። የጨዋታውን ሕግ ይማሩ፤ የሙዚቃ ጓዱ ከ1936 ጀምሮ ሜዳው ላይ «ኦሃዮ» የሚለውን ቃል በሰልፍ ሲጽፍ፣ ትልቁን ጥሩምባ የተሸከመው ተማሪ እየተውረገረገ ሄዶ የ«አይ» ፊደል ነጥብ ላይ ሲቆም ቢያንስ አንድ ጊዜ በዓይንዎ ይዩ። ጨዋታው እንዳለቀ ቸኩለው አይውጡ፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ተጫዋቾቹ ከሙዚቃ ጓዱ ፊት ቆመው የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር ይዘምራሉ። የፉትቦል ትኬት ውድ ነው፤ የሴቶች መረብ ኳስና የትግል ውድድሮች ግን በአነስተኛ ዋጋ ይታያሉ፤ ለልጆችም የሚመቹ ናቸው።

የሚሺጋን ጨዋታ ከታንክስጊቪንግ (ከአሜሪካ የምስጋና ቀን) ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ስለሚውል ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፤ በየደጁ የሚጠበሰው ሥጋ ለጿሚ አስቸጋሪ ነው። እኛ ጥቂት ቤተሰቦች ሆነን በያይነቱ አቅርበን በአንድ ቤት እናያለን። ጨዋታው እንደተለመደው ከቀኑ 6 ሰዓት ከሆነ፣ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ ክፍት ነው፤ ባልደረባዎንም ይዘው ቢመጡ ደስ ይለናል።