የገበቴ ቶርኖ ፕሮግራም፦ ለጉባኤ የምናቀርበውን ዕቅድ እዚህ እንጨርሰው

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የቶርኖ (እንጨት እያዞረ በመሮ የሚያስቀርጽ ማሽን) ስልጠና ዕቅድ መልክ ይያዝ። አሁን በእጄ ያለው ረቂቅ አንድ አንቀጽ ነው፦ «ማኅበሩ የሁለት ቀን ስልጠና ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ተሳታፊ ከጉማጅ ተነስቶ አንድ ገበቴ በቶርኖ ይሠራል፣ ያለሰልሳል፣ ይቀባል፣ ይዞ ይሄዳል።» በቃ ይኸው ነው። ያላችሁን ጣሉበት። «አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ ግን አይቻልም። ካልተመቻችሁ ምን እንደሚቀየር ጻፉ።

ጉማጅ፦
በሁለት ቀን? እንጨቱ እርጥብ ነው ደረቅ? ይሄ ሳይመለስ የቀረውን ማውራት ዋጋ የለውም። እርጥብ ከሆነ እንደ ቅቤ ይቆረጣል፣ ለተማሪም ይመቻል፣ ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ቀብተን አብለጭልጨን የሰጠነው ገበቴ ቤት ገብቶ በሳምንታት ውስጥ ይጣመማል፣ ካልቀናውም ይሰነጠቃል። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው፣ በርዝመቱ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ክብ አድርገህ ያስቀመጥከውን ሞላላ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ደረቅ እንጨት ይሁን ካላችሁ ደግሞ ለገበቴ የሚበቃ ወፍራም ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል? አየር ላይ ለሚደርቅ ሳንቃ የተለመደው ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። አሥር ሴንቲ የሚወፍረውን አስቡት።

እኔ የምለው ለሁለት ይከፈል። መጀመሪያ በእርጥቡ ሻካራ ቅርጹን እናውጣ፣ ግድግዳው የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል ወፍራም ሆኖ ይቅር። ስፋቱ 30 ሴንቲ ከሆነ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ማለት ነው። ከዚያ ወራት ወስዶ ይድረቅ። ሲደርቅ መልሰን ቶርኖ ላይ ሰቅለን የተጣመመውን ክብ እናደርገዋለን። ያን ሁሉ ውፍረት የምንተወው ለዚሁ ነው።

አዲሷ አባል፦
ጋሼ፣ የነገሩኝ ገብቶኛል፣ ግን እኔ ቶርኖ ነክቼ አላውቅም። መጥቼ ቀኑን ሙሉ ለፍቼ «ከወራት በኋላ ተመለሺ» ከተባልኩ የምመለስ አይመስለኝም፣ እውነቱን ልናገር። እንደኔ ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። በእጄ የምይዘው ነገር ሳይኖር ወደ ቤት አትስደዱኝ።

ስለት፦
እሷም እውነቷን ነው፣ ጋሽ ጉማጅም ልክ ናቸው። መሃል መንገድ አለ። እርጥቡን አንዴ ብቻ ሠርቶ መጨረስ። ግድግዳውን 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር አድርጎ አሳስቶ መተው። ቀጭን ግድግዳ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲኮማተር ደግሞ ከመሰንጠቅ ይልቅ ይታጠፋል፣ ይጣመም ተብሎ የተተወ ስለሆነ መጣመሙ ውበቱ ይሆናል። ቁም ነገሩ ውፍረቱ ከአፉ እስከ ታች እኩል መሆኑ ነው። አፉ ቀጭን ሆኖ መቀመጫው ወፍራም ከሆነ አንዱ ቀድሞ ይደርቅና ከሌላው ጋር ይጓተታል፣ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል።

ግን ለጀማሪ ትንሽ ይሁን፣ 15 ሴንቲ ገደማ። ትልቅና ቀጭን እርጥብ ሳህን እየሠራህ እያለ ቅርጹ ይለወጣል። ሻይ ጠጥቼ ልመለስ ካልክ ስትመጣ ክብ አይደለም።

ሰም፦
የስለትን እደግፋለሁ፣ አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይታወቅ። እርጥብ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አይታሽም፣ ወረቀቱን በደቂቃ ይደፍነዋል። ስለዚህ ትንሿ ሳህን በመሮ እንደተቆረጠች ትሄዳለች፣ ማለስለሱና መቀባቱ ቤት ስትደርቅ ነው። ረቂቁ ላይ «ያለሰልሳል፣ ይቀባል» የሚለው ከመጀመሪያው ዙር ይውጣ። ማለስለስና መቀባት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ላይ አጣድፎ የሚሠራው እሱን ነው፣ ሥራው የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

አስተባባሪ፦
እሺ፣ እንዲህ ልጻፈው? «የመጀመሪያ ዙር፦ እያንዳንዱ ተሳታፊ ከእርጥብ እንጨት ሁለት ነገር ይሠራል። አንድ ትንሽ ቀጭን ሳህን ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ሻካራ ገበቴ ለማድረቅ ማኅበሩ ጋ ይቀራል። ሁለተኛ ዙር፦ ገበቴዎቹ ሲደርቁ ማስተካከል፣ ማለስለስና መቀባት።» ሁለተኛው ዙር መቼ ይሁን? ቀን ልቁረጥ?

ጉማጅ፦
ቀን አትቁረጪ፣ ልጄ። የሚቆርጠው ሚዛን ነው። ሻካራው ገበቴ በተሠራበት ቀን ይመዘን፣ ክብደቱና ቀኑ መቀመጫው ላይ በእርሳስ ይጻፍ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ እየመዘንን ከሥሩ እንጽፋለን። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይቀላል፣ ከዚያ ይዘገያል፣ በተከታታይ ስንመዝነው ክብደቱ አልለወጥ ሲል ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ዕቅዱ ላይ «ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም» ተብሎ ይግባ። ጉባኤው ቀን ካልሰማሁ ካለ ግምት ስጡት፣ ግን ግምት መሆኑ ይጻፍ።

አቀማመጡም ይታሰብ። ፀሐይና ነፋስ የማይነካው ቦታ፣ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ። ፌስታል አይሆንም፣ ይሻግታል። ቃጫው በጫፉ የሚታይበት ቦታ ላይ ውሃ በጣም ቶሎ ስለሚወጣ እዚያ ሰም ይቀባ። ዓላማው ማድረቁን ማዘግየት ነው፣ ያልታገሰ እንጨት ይሰነጠቃል።

አዲሷ አባል፦
የሚዛኑን መዝገብ እኔ ልያዝ? ቶርኖ ባላውቅም መመዝገብ አያቅተኝም። እግረ መንገዴንም ገበቴዬን እያየሁ እቆያለሁ :)

አስተባባሪ፦
ተሰጥቶሻል። ቀጥሎ ደኅንነት። ስለት፣ አንተ ጻፈው፣ ግን አታርዝመው።

ስለት፦
ላሳጥረው እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ለረጅም ዘንግ መላጫ የሚውለው ሰፊው ሸካራ መሮ ገበቴ አጠገብ አይድረስ። ቅርጹ ጎድጓዳ ስለሆነ ተመሳሳይ ይመስላል፣ ነገር ግን እጀታው ውስጥ የሚገባው ጅራቱ ቀጭን ነው። ገበቴ ሲዞር መሮው በየዙሩ ሁለት ጊዜ የቃጫውን ጫፍ ይገጫል፣ ያዝ ሲያደርገው ጅራቱ ይሰበራል። የሚሰበረው ብረት ደግሞ ፊትህ አጠገብ ነው። ለገበቴ ከወፍራም ክብ ብረት የተሠራው ጎድጓዳ መሮ ብቻ። ይሄ «ይመከራል» ተብሎ ሳይሆን «የተከለከለ» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ፍጥነት። የሚሠራበት ስሌት አለ። የእንጨቱን ስፋት በሴንቲ ሜትር በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር ስታባዛው ከ15,000 እስከ 23,000 መሃል ይውደቅ። ለ30 ሴንቲ ከ500 እስከ 750 ዙር ይሆናል። ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ ከሆነ ግን ስሌቱን እርሱት፣ ማሽኑ ካለው ዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ እስከማይንቀጠቀጥበት ድረስ ብቻ። የቶርኖው ጠረጴዛ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንድ ነገር እየነገረህ ነው።

ሌላው የምታውቁት ነው። ፊትን ሙሉ የሚሸፍን መከለያ እንጂ መነጽር ብቻ አይበቃም። ጓንት የለም፣ ሰፊ እጅጌ የለም፣ ሻርፕ የለም፣ ረጅም ፀጉር ይታሰራል። ከማብራት በፊት እንጨቱን በእጅ አዙሮ የመሮ መደገፊያውን እንደማይነካ ማየት። ሲበራ ደግሞ ከእንጨቱ ፊት ለፊት አለመቆም፣ ጎን መሆን። ሊፈናጠር ቢል የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ጉማጅ፦
አያያዙን ረሳኸው። ብዙው ገበቴ የሚበረው መሮው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን እግሩ በደንብ ስላልተሠራ ነው። ቻኩ (ቶርኖው ላይ እንጨቱን የሚይዘው መንጋጋ) የሚነክሰው እግር የገበቴውን ስፋት ሲሶ ያህል ይሁን፣ ጫፉ የቻኩን ወለል አይንካ፣ ገበቴው በትከሻው የቻኩ ጥርሶች ፊት ላይ ይቀመጥ። እግሩ ሲደርቅ እሱም ሞላላ ይሆናል፣ መልሰን ክብ ስናደርገው ስለሚቀንስ ከመነሻው አታሳንሱት። እንጨቱን በሌላው ወገን የሚደግፈው የጀርባ መደገፊያውም እስከሚቻለው ድረስ ተጠግቶ ይቆይ።

ስለት፦
ትክክል። የአቆራረጡን አቅጣጫም ልጨምር፣ አሠልጣኞቹ አንድ ዓይነት ነገር ቢያስተምሩ ጥሩ ነው። ውጪውን ከመቀመጫው ወደ አፉ፣ ውስጡን ከአፉ ወደ መሃል። እንዲህ ሲሆን የሚቆረጠው ቃጫ ከሥሩ የሚደግፈው ቃጫ አለው። በተቃራኒው ከሄድክ ይነቀላል፣ ከዚያ የሰም ክፍለ ጊዜ በሙሉ የተነቀለ ለማስተካከል ይውላል።

መሮ መሳልም ለብቻው ሰዓት ይመደብለት። ጀማሪ መሮው ሲደነዝዝ አይታወቀውም፣ ጠንክሮ ይገፋል፣ ገፍቶም መሮውን እንጨቱ ውስጥ ያስነክሳል። ሞላው (መሮ የሚሳልበት ድንጋይ) ሁለት ይሁን፣ አንድ ከሆነ ሰልፍ ይበዛል።

ሰም፦
አሁን ወደኔ ክፍል። ስለት ስለተነቀለው ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። የተነቀለ ቃጫ በወረቀት አይድንም። ወረቀቱ ለስላሳውን ይበላና ጠንካራውን ይተዋል፣ ገበቴው ወጣ ገባ ይሆናል። ስለዚህ ከመለስለሱ በፊት በደንብ የተሳለ መሮ ይዞ በጣም በስሱ አንዴ ማለፍ ግዴታ ይሁን። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከሸካራው ወደ ለስላሳው በቁጥሩ 120፣ 180፣ 240፣ 320። አንዱ ቁጥር የቀደመውን ጭረት አጥፍቶ ካልጨረሰ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ከ120 ወደ 320 የዘለለ ሰው ሲደርቅ ምንም አይታየውም፣ ዘይት ሲነካው ግን ክብ ክብ ጭረቱ ሁሉ ይወጣል። በየመሃሉ ብናኙን መጥረግ፣ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ። ወረቀቱ ጣትህን ካቃጠለህ እንጨቱንም እያቃጠልከው ነው፣ ቀጭን አፍ ደግሞ በሙቀት ይሰነጠቃል።

ብናኙን በተመለከተ ቀልድ የለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሰጋቱራው ወለል ላይ ይወድቃል፣ የሚያሳስበው አየር ላይ የሚቀረው የማይታየው ነው። በጀት ሲሠራ ብናኝ መሳቢያውና ጥሩ ማስክ ከሌላው ዕቃ ይቅደም። ማሽን ከጎደለ ተራ እንጠብቃለን፣ ሳንባ ከጎደለ ግን...

አዲሷ አባል፦
በምን ነው የምንቀባው? እኔ እንዲበላበት እፈልጋለሁ፣ መደርደሪያ ላይ ቁጭ እንዲል አይደለም።

ጉማጅ፦
የተልባ ዘይት። ምን ሌላ አለ?

ሰም፦
ጋሽ ጉማጅ፣ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን የትኛው? ጥሬው ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል። «የፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ስሙ የፈላ ሳይሆን ማድረቂያ የብረታ ብረት ውህድ የተጨመረበት ነው፣ ለምግብ ዕቃ ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። የዎልነት ዘይትም ይደርቃል፣ ነገር ግን የለውዝ ዓይነት አለርጂ ላለበት ሰው መነገር አለበት። ሚኒራል ኦይል ምንም አይሸትም፣ አይበላሽም፣ ግን ፈጽሞ አይደርቅም፣ ስትታጠብ እየለቀቀ ይሄዳል፣ እየደጋገሙ መቀባት ነው። ንብ ሰም ብቻውን ሲታይ ያምራል፣ 65 ዲግሪ ሳይሞላው ስለሚቀልጥ ትኩስ ነገር አይችልም። ቫርኒሽ ያብረቀርቃል፣ ማንኪያ ሲመታው ግን ይቀረፋል።

የኔ ድምፅ ለምግብ የሚሆነው በሚደርቅ ዘይት፣ በስሱ እየተቀባ፣ ትርፉ እየተጠረገ፣ በየመሃሉ እየደረቀ እንዲሆን ነው። የደረቀው ላይ ትንሽ ሰም መጨመር የፈለገ ይጨምር። ለጌጥ የሚሆነውን ግን የፈለጋችሁትን ቀቡት፣ አልጨቃጨቅም።

ሁለት ነገር በደማቅ ይጻፍ። አንደኛ፣ ቶርኖው እየዞረ በጨርቅ መቀባት የለም። ጨርቅ ሲጠመጠም ጣትን ይዞ ይሄዳል፣ የወረቀት ፎጣ ግን ተቀዶ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የሚደርቅ ዘይት የነካው ጨርቅም ሆነ ወረቀት ተጨማዶ ቅርጫት ውስጥ አይጣልም። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ይሞቃል፣ የተጨመደደ ነገር ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ማንም ክብሪት ሳይጭር ይቀጣጠላል። ዘርግቶ ማድረቅ፣ ካልሆነ ውሃ ያለበት ክዳናም የብረት ባልዲ። በሩን የሚዘጋው ሰው ባልዲውን አይቶ ይዝጋ።

ጉማጅ፦
ይሁን፣ ተሸንፌያለሁ። እግሩን የማንሳቱ ነገርስ? ሁለተኛው ዙር ላይ ገበቴው ተገልብጦ በእንጨት ቅርጽ ላይ ተደግፎ፣ ከጀርባ መደገፊያው ተገፍቶ፣ እግሩ ይወገዳል። መሃል የምትቀረዋ ጉብታ በመሮ በእጅ ትነሳለች። መቀመጫው ወደ ውስጥ ትንሽ ይጎድጉድ፣ አለበለዚያ ጠረጴዛ ላይ ይወዛወዛል።

አስተባባሪ፦
ገብቷል። እንግዲህ የተስተካከለው ረቂቅ፦

«ማኅበሩ በሁለት ዙር የሚካሄድ የገበቴ ቶርኖ ፕሮግራም ያዘጋጃል። በመጀመሪያው ዙር ተሳታፊው መሮ መሳል፣ አያያዝና አቆራረጥ ተምሮ አንድ ቀጭን ሳህን ይጨርሳል፣ አንድ ሻካራ ገበቴ ያወጣል። ገበቴዎቹ በማኅበሩ ማከማቻ በየሁለት ሳምንቱ እየተመዘኑ ይደርቃሉ። ክብደታቸው መቀነስ ሲያቆም ሁለተኛው ዙር ይጠራል፣ ሙሉ በሙሉ ለማስተካከል፣ ለማለስለስና ለመቀባት ይውላል። ከበጀቱ ቅድሚያ የሚሰጠው ለብናኝ መሳቢያ፣ ለፊት መከለያና ለማስክ ነው፤ ቀጥሎ ሁለተኛ ሞላ። የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር በየቶርኖው ራስጌ ይለጠፋል።»

በአንድ ቶርኖ ስንት ሰው?

ስለት፦
ሁለት። አንዱ ሲሠራ አንዱ ከጎን ሆኖ ያያል። ሦስተኛ ሰው ከመጣ ማውራት ይጀምራሉ።

ጉማጅ፦
አንድ ቀረ። ግንዱ ቀድሞ ተቆርጦ መጥቶ እንዳይጠብቀን። የሚቆረጠው ስልጠናው ባለበት ሳምንት ይሁን፣ ከገበቴው ስፋት ረዘም ተደርጎ፣ ምክንያቱም ጫፉ መሰንጠቁ ስለማይቀር ተቆርጦ ይጣላል። ጫፎቹ ወዲያው ሰም ይቀቡ። ስንሰነጥቀውም እምብርቱ ከሁለቱም ግማሽ ይውጣ፣ እምብርት ያለበት ገበቴ ከዚያው ነው የሚፈነዳው። ግንዱን የማመጣው እኔ ነኝ፣ ግን ሁለት ጎረምሳ ያስፈልገኛል።

ስለት፦
አንዱ እኔ ነኝ።

አስተባባሪ፦
ሌላ አንድ ጎረምሳ እየፈለግን ነው። «በአንድ ቶርኖ ሁለት ሰው» እና የግንዱ ጉዳይ ረቂቁ ላይ ገብተዋል። የሰም ሁለት ነጥቦች በደማቅ ተጽፈዋል። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ይጻፍ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለጉባኤው እልከዋለሁ።