ከደሴ ኮምቦልቻ በእግር፦ ጉልበት፣ ጫማና ውሃ

መንገደኛ፦ ሰላም ወገኖች። ከደሴ ኮምቦልቻ በእግር ልንወርድ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለቱ ጓደኞቼ ረጅም መንገድ አልለመዱም። ቁልቁለቱ ጉልበት እንዳይጎዳቸው ምን እናድርግ? ውሃስ?

የጦሳ ልጅ፦ ቁልቁለት ቀላል ይመስላል እንጂ የሚጎዳው እሱ ነው። ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ሕመሙ የሚብሰው በማግስቱና በሠልስቱ ነው። እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበት አጠፍ አድርጉ፣ ረዘም ያለ ዱላ ያዙ። ጫማው ከአውራ ጣት ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይትረፈው። ከመውረዳችሁ በፊት ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፤ ከላላ እግር ወደ ፊት ይንሸራተትና ጥፍር ይጠቁራል።

ሐይቅ ዳር፦ ውሃ ለየራሳችሁ 3 ሊትር ያዙ፣ ወደ ታች ሙቀቱ ይጨምራል። የምንጭ ውሃ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ አፍሉት። በደሴ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። የቦርከናን ወንዝ ግን አደራ አትንኩት! የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል፤ ኬሚካልን ማፍላት አያጠፋውም።

መንገደኛ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሐምሌ ላይ ብናደርገውስ?

የጦሳ ልጅ፦ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ጭቃ፣ ጉምና የከሰዓት መብረቅ አለ። ጥቅምት ይሻላል። አስፋልት ላይ ስትሆኑ መኪናው ከፊት እንዲታያችሁ ግራውን ጠርዝ ይዛችሁ በሰልፍ ሂዱ። ኩርባው ላይ የጭነት መኪና ጠርዙን ተጠግቶ ስለሚያልፍ ጆሮ ማዳመጫ አውልቁ።