ቲን ሲባል ቆርቆሮ ነው? ጣሳ ነው? ወይስ ታኒካ?

«ቲን በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ እስካሁን የተሰጠሽ መልስ «ቆርቆሮ» የሚል ብቻ ነው። ትክክል ነው፣ ግን አይበቃም። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ማዕድኑንም፣ ዕቃውንም፣ ጣሪያውንም ይጠራል። እኛ ወሎዎች ደግሞ ለዕቃው ብቻ ሁለት ሦስት ስም አለን።

ከማዕድኑ ልጀምር። ነጣ ያለ፣ ለስላሳ ብረት ነው። የኬሚስትሪ ምልክቱ ኤስኤን (Sn) የሆነው ስታኑም ከሚለው የላቲን ስሙ ተወስዶ ነው። በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይቀልጣል። ለዚህም ነው ሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ ሲያጣብቁ የሚመርጡት። ከመዳብ ጋር ሲቀላቀል ነሐስ ይወጣዋል። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ሲተረጎም ይኼ ማዕድን «ቆርቆሮ» ተብሏል። ሕዝቅኤል 22፥18 ላይ ናስ፣ ቆርቆሮ፣ ብረትና እርሳስ ተከታትለው ተጽፈዋል። እዚያ ላይ ጣሪያ የሚታየው አንባቢ ካለ ቃሉ አሳስቶታል ማለት ነው።

አይፈረድበትም። ዛሬ ደሴም ሆነ ወልድያ «ቆርቆሮ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ቤት ነው። ሳር ቤት የነበረው ሰው ቆርቆሮ ቤት ሠራ ከተባለ ኑሮው ተሻሻለ ማለት ነው። አናጢው «ቆርቆሮ መታሁ» ይላል፤ ባለቤቱ «ቤቱን ቆርቆሮ አለበስኩት» ይላል። ሱቅ ሲገባ በጌጅ ይጠየቃል፦ 28፣ 32፣ 35። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፣ ዋጋውም እንዲሁ።

ግን የጣሪያው ቆርቆሮ ውስጥ ቲን የለም። ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ብረትን አጣጥፎ ማጠንከርን ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1829 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፈጠራ መብት አስመዘገበ። እንዳይዝግ በቀለጠ ዚንክ መንከሩን ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 አስመዘገበ። ስለዚህ እንግሊዝኛው «ቲን» ያለውን ጣሪያ «የቲን ጣሪያ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ማዕድኑንም አማርኛውንም ይስታል። «ቆርቆሮ ጣሪያ» በሉት፣ አለቀ።

እውነተኛው ቲን ያለው ዕቃው ላይ ነው። ፒተር ዱራንድ በ1810 ምግብ በቆርቆሮ የማሸግ መብት ሲያገኝ፣ ዕቃው ቲን የተቀባ ስስ ብረት ነበር። ቲኑ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ታሪክ ነው። ምግቡ «የቆርቆሮ ሥጋ»፣ «የቆርቆሮ ወተት» ይባላል። ወተቱ አልቆ ዕቃው ሲቀር ግን ስሙ ይለወጣል፤ ጣሳ ይሆናል። ጣሳ ከሆነ ደግሞ ሥራ አያጣም። ገበያ ላይ በርበሬ፣ ሽምብራ፣ ምስር የሚሰፈረው በጣሳ ነው። «ጣሳው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የእህሉን ዋጋ እንጂ የዕቃውን አይጠይቅም። ሻጭና ገዢ የሚከራከሩት ተቆልሎ ይሰፈር ወይስ አፉ ላይ ተስተካክሎ በሚለው ነው። ትንሿ ጣሳ ክዳኗ ተበስቶ ክር ከገባባት ኩራዝ ትሆናለች። መብራት ባልገባበት ገጠር ስንቱ በእሷ ብርሃን ፊደል ቆጥሯል!

ታኒካ ለእኔ ከጣሳ ተለቅ ይላል። ጋዝና ዘይት የሚገባበት ነው። ሁለቱም ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ «ጣሳ» ከ«ጧሳ»፣ «ታኒካ» ከ«ተነካ»። ዐረብኛውም «ተነካ»ን ከቱርክኛ «ተነኬ» ነው የወሰደው። ስንት አገር አቋርጦ ባቲ ገበያ እንደደረሰ ሳስበው ይገርመኛል።

የዐረብኛ ነገር ከተነሣ፣ ወሎ ውስጥ «ቲን» ሲባል ብዙ ሰው ብረትም ላያስብ ይችላል። ቁርኣን የቀራ ልጅ በለስን ነው የሚያስበው። 95ኛው ሱራ ስሙ አት-ቲን ነው፤ በበለስና በወይራ በመማል ይጀምራል። በ«ጠ» ከተነበበ ደግሞ «ጢን» ጭቃ ነው፤ አደም የተፈጠረበት። በአማርኛ ፊደል ስንጽፍ «ተ» እና «ጠ»ን ካልተጠነቀቅን በለሱን ጭቃ እናደርገዋለን። ይኼ በጣም ያሳስበኛል፤ ብዙ ጽሑፍ ላይ ተምታቶ አያለሁ።

በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰውዬ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ በጩኸትና በፍጥነት ተፋጭቶ የወጣው ነው። አሁን ጠርሙሱንም፣ አሮጌ ጫማውንም ይገዛል፤ ስሙ ግን ከቆርቆሮው አልተላቀቀም። ቃል በአፍ ተሸርፎ እንዲህ አዲስ ስም ሲሆን ማየት ደስ ይላል፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ራሱን ችሎ መግባት አለበት ባይ ነኝ።

ፈሊጡ አንድ ነው የማውቀው። ጩኸቱ በዝቶ ፍሬ ለሌለው ሰው «ባዶ ቆርቆሮ» ይባላል። «ባዶ ጣሳ» የሚሉም አሉ፤ ለእኔ ይኼኛው ይሻላል፣ ሲንኳኳ የሚጮኸው ዕቃው ስለሆነ።

በወሎው ቦረና፣ በወረኢሉና በላስታ በኩል ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ውኃ የሚጠጣበትን ትንሹን ዕቃ ጣሳ ነው ታኒካ የምትሉት? ተለቅ ያለውንስ?