ለቲማቲም ማሳዎቻችን የጠቃሚ ፈንገስ ሙከራ፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ከጸሐፊው፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለመጪው የመስኖ ወቅት የተዘጋጀው ረቂቅ ማይኮራይዛ የተባለው የአፈር ፈንገስ በጋራ ተገዝቶ፣ በድሬዳዋና በኤረር በኩል ባሉት ማሳዎቻችን ችግኙ ከተዛወረ በኋላ በየሥሩ እንዲበተን ይላል። ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት አስተያየታችሁን እንድታሰፍሩ እጠይቃለሁ።

ከችግኝ ማፍያው ኃላፊ፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አሠራሩ ግን መለወጥ አለበት። ይህ ፈንገስ ከሕያው ሥር ተለይቶ ማደግ ስለማይችል፣ ማሳ ላይ ከበተንነው አብዛኛው ሥር ሳያገኝ ይቀራል። በማፍያ ሳጥኑ ላይ ከዘሩ በታች ጥቂት ብናኖር ግን የመጀመሪያው ሥር ወደ ታች ሲወርድ በቀጥታ ያገኘዋል፤ ችግኙ ለመዛወር በሚደርስበት ጊዜም ፈንገሱ ሥሩ ውስጥ ተደላድሎ ይቆያል። የሚያስፈልገን መጠንም እጅግ ያንሳል።

ከአንድ አባል፣ በሙያቸው የግብርና ባለሙያ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ማዳበሪያው ነው። ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ኖራ በሚበዛበት አፈር ደግሞ ከካልሲየም ጋር ይታሰራል። ሥሩ ከጎኑ ያለውን ጥቂት ሚሊሜትር ከጨረሰ በኋላ የፈንገሱ ቀጫጭን ክሮች እሱ ከማይደርስበት ያመጡለታል፤ ተክሉም በምላሹ ከሚሠራው ስኳር እስከ 20 በመቶ ሊከፍል ይችላል። ታዲያ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበትን ማዳበሪያ፣ ኤንፒኤሱን፣ እንደ ልማዳችን አትረፍርፈን ከሰጠነው ተክሉ ፈንገሱን የሚያስተናግድበት ምክንያት አይኖረውም፣ እኛም ለሁለቱም ከፍለን የአንዱን ብቻ እናገኛለን። ስለዚህ በእያንዳንዱ የሙከራ ማሳ አራት መደብ ይኑር፤ ሙሉ ማዳበሪያ ብቻ፣ ግማሽ ብቻ፣ ፈንገስ ከሙሉ ጋር፣ ፈንገስ ከግማሽ ጋር። ግማሹ መደብ ከሌለ ሙከራ አልለውም።

ከገንዘብ ያዧ፦ በየዓመቱ መግዛት የማኅበሩን ካዝና ያራቁታል። ማሽላ ይህን ፈንገስ በደንብ እንደሚቀበል ሰምቻለሁ፤ ማሽላ ደግሞ ለሐረርጌ ሰው አዲስ አይደለም። በአሸዋ በተሞላ ማሰሮ ተክለን ብናራባውስ? ትሪኮደርማ የተባለው ሌላ ፈንገስ በተቀቀለ እህል ላይ ስለሚራባ ይረክሳል የሚሉም አሉ።

ከባለሙያው፦ እህቴ፣ የማሽላው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በማሰሮው ውስጥ ፈንገሱ ብቻ ላይሆን ይችላል የሚራባው። የሥር ኔማቶድ የሚባለው ደቃቅ ትልና የአጠውልግ በሽታ አብረው እንዳይገቡ፣ መነሻው ከቲማቲም፣ ከቃሪያ ወይም ከድንች ማሳ የመጣ አፈር መሆን የለበትም። ትሪኮደርማ ግን ሌላ ሥራ ያለው ፈንገስ ነው፤ የችግኝን ሥር ከሚያበሰብሱ በሽታዎች ይከላከላል እንጂ ማይኮራይዛን አይተካም።

ከኤረር በኩል ከሚገኙ አባል፦ አንዱ ማሳዬ ጥቅል ጎመን፣ ሌላው ሽንኩርት የነበረበት ነው። የትኛውን ላቅርብ?

ከባለሙያው፦ ሁለቱንም ያቅርቡ። ሽንኩርት ፈንገሱን ይመግባል፤ ጎመንና ቀይ ሥር ግን አይቀበሉትም፤ ከእነሱ በኋላ በአፈሩ የሚቀረው ፈንገስ ጥቂት ስለሚሆን ትልቁን ልዩነት የምጠብቀው ከጎመኑ ማሳ ነው። ቱታ የተባለውን የቲማቲም ተባይ በተመለከተ ግን ለአባላት ተስፋ አንስጥ፤ ቅጠልና ፍሬ የሚበላውን ትል ይህ ፈንገስ አያስቆመውም። ሥር ላይ የሚፈስ የፈንገስ ማጥፊያ መድኃኒትም በሙከራው መደቦች ላይ አይደረግ።

ከጸሐፊው፦ የተሻሻለው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ማይኮራይዛው በማፍያ ሳጥን ላይ ለዘሩ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የሙከራ ማሳ አራት መደብ ይኖረዋል፤ ከመዛወሩ በፊት ለየመደቡ ከተዘጋጁት ጥቂት ችግኞች ተነቅለው፣ ሥራቸው በቀለም ተነክሮ ፈንገሱ መግባቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ለዚህም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በደብዳቤ ይጠየቃል፤ ምርቱ በየለቀማው ለየመደቡ ተለይቶ ይመዘናል።» የማሽላው ማራቢያ የመጀመሪያው ውጤት ከታየ በኋላ በራሱ አጀንዳ ይቀርባል። የጎመን ማሳ ያላችሁ ሌሎች አባላት እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ እንድታስመዘግቡ አሳስባለሁ።