የቴድ ባንዲ ፊልም ቱሉ ዲምቱ ላይ ይታይ ወይስ አይታይ? የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ክርክር

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
ጎረቤቶቼ፣ ከገበያው ጀርባ ያለው ቪዲዮ ቤት በዚህ ሳምንት የቴድ ባንዲን ታሪክ በአማርኛ ትርጉም እያሳየ ነው። ለማታውቁት፣ ባንዲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከግዛት ግዛት እየተዘዋወረ ወጣት ሴቶችን ሲገድል የኖረ ሰው ነው። በ1989 ፍሎሪዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ወንበር ከመቀጣቱ በፊት 30 ግድያዎችን አምኗል። የሚታየው ኔትፍሊክስ በ2019 ያወጣው ባለ አራት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ነው። ትልቋ ልጄ አይታው መጣች። ስለ ሞቱት ልጆች አንድም ቃል ሳትናገር፣ «እማዬ፣ እንዴት ያለ ብልህ መሰለሽ፤ ሁለት ጊዜ አመለጣቸው እኮ!» አለችኝ። በሩ ላይ ደግሞ ፈገግ ያለ ፎቶግራፉ ተለጥፏል፤ የሙሽራ ፎቶ ነው የሚመስለው። ኮሚቴያችን ባለቤቱን አነጋግሮ ያስቁምልን። የምትቃወሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ልስማ።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የምሠራው፦
እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፊልሙ እኮ በየሰዉ ስልክ ውስጥ አለ። እኛ ብናቆም ልጅዎ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ታየዋለች። ደግሞ ሰው የሚወደውን ነው የምናሳየው። ባለፈው ስለ ዓባይ ግድብ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ብናሳይ ወንበሮቹ ናቸው ያዩት።

ጠበቃው፦
ኮሚቴው የጥበቃና የውኃ መዋጮ ሊሰበስብ ይችላል እንጂ ፊልም የመከልከል ሥልጣን የለውም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲደነግግ ቅድመ ምርመራንም ከልክሏል። ዛሬ ነፍሰ ገዳይን አታሳዩ ያለ ጎረቤት ነገ ደግሞ ሌላ ነገር አታሳዩ ይላል። ለሕፃናት ዕድሜ ገደብ ይደረግ ከተባለ ግን እስማማለሁ። በዚያ ላይ ባንዲ የቀረበው በግልጽ ችሎት ነው፤ በ1979 ማያሚ ላይ የተካሄደው ክርክር በመላው አሜሪካ በቴሌቪዥን ታይቷል። አደባባይ የዋለ ነገር እንዴት ተመልሶ ጓዳ ይገባል?

ጡረተኛው መምህር፦
የተከበሩ ጠበቃ፣ ስለ ሕጉ አልከራከርዎትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ «ብልህ» የሚለው ቃል ነው። ማን ነው ብልህ ያለው? ፊልሙ የቆመው ባንዲ በ1980 ሞት ፈርደውበት እስር ቤት ሳለ ለጋዜጠኛ በሰጠው ቃለ ምልልስ ላይ ነው። ስለ ግድያዎቹ ሲጠየቅ «እኔ» አይልም፤ «እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ሊያስብ ይችላል» እያለ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚተነትን ሊቅ ያወራል። ተከሳሹ ራሱ ምስክርም ባለሙያም ሆኖ የተቀመጠበት ፊልም ነው።

አሁን ብልህነቱን እንመርምረው። መጀመሪያ ያመለጠው ሰኔ 1977 ነው፤ በኮሎራዶ የአስፐን ፍርድ ቤት ለራሱ ጠበቃ ስለሆነ ካቴና ሳይደረግለት መጻሕፍት ቤት ገብቶ በመስኮት ዘለለ። በስድስተኛው ቀን ተያዘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ከሌላ እስር ቤት ጣሪያ ቀድዶ ወጣ። ይህ የጠባቂዎች እንዝህላልነት ነው! ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ ከማምለጡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ፍሎሪዳ ውስጥ ሁለት ተማሪዎችንና አንዲት የ12 ዓመት ሕፃን ገደለ። በ1975ም ሆነ በ1978 የያዙት መንገድ ላይ መኪናውን ያስቆሙ ተራ ፖሊሶች ናቸው። በችሎቱ ዋዜማ ጥፋቱን አምኖ በ75 ዓመት እስራት ሕይወቱን እንዲያተርፍ ጠበቆቹ ያዘጋጁለትን ስምምነትም በመጨረሻው ሰዓት አፈረሰው። ሕይወቱን በእጁ የጣለ ሰው በየትኛው ሚዛን ነው ብልህ የሚባለው?

የበለጠ የሚያሳዝነኝ ዳኛው ነው። ሞት ከፈረደበት በኋላ ጥሩ ጠበቃ ይወጣህ ነበር፣ ራስህን ጠብቅ ብሎ አሰናበተው። ገዳዩ የሕግ ተማሪ፣ ልብሱ የተስተካከለ፣ አነጋገሩ የተቃና ስለነበር ዳኛውም ልቡ ራራለት። ፊልም ሠሪው ከዳኛው የተለየ ምን አደረገ? ከዚያ በኋላ ኔትፍሊክስ ራሱ ተመልካቾቹን ስለ ሰውየው ቁንጅና ማውራት ተዉ ብሎ ለመማጸን በቃ። እሳቱን ለኩሶ ጭሱን መውቀስ ማለት ይህ ነው።

የታክሲ ሹፌሩ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን ገዳይን ሁሉ አታሳዩ ከተባለ ጠቃሚውም አብሮ ይቀራል። የእንግሊዙን ሐኪም የሀሮልድ ሺፕማንን ታሪክ አይቻለሁ። ማንቸስተር አጠገብ ሃይድ በምትባል ከተማ አሮጊቶችን በመርፌ ሲገድል የኖረ ነው። ከሁሉ ቀድመው ከጠረጠሩት ሰዎች አንዱ ማን ይመስልዎታል? ታክሲ ነጂ! ደንበኞቹ የሆኑ ጤነኛ አሮጊቶች አንድ በአንድ ሲሞቱ፣ ሐኪማቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሲሆን አስተዋለ። ፖሊስ በ1998 መጀመሪያ ላይ ከአንዲት ሐኪም ጥቆማ ደርሶት ነበር፤ በደንብ ሳይመረምር ፋይሉን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሴቶች ሞቱ። ፍርድ ቤት በ15 ግድያ ጥፋተኛ አለው፤ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ ግን የገደላቸውን 215 አደረሳቸው። እንዲህ ያለውን ታሪክ ሰው ማየት አለበት ባይ ነኝ። የሞት ምስክር ወረቀት የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመጣ እኔ ከዚያ ነው የተማርኩት።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የምሠራው፦
ወንድሜ፣ መነጽር ያደረገ ጢማም ሽማግሌ ሐኪም ፖስተር ላይ ለጥፌ ማን ይገባልኛል?

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
ይኸው! ራስህ ተናገርከው፣ ልጄ። 215 ሰው የገደለው ሽማግሌ ስለሆነ አይታይም፤ ባንዲ መልከ መልካም ስለሆነ ይታያል። እንግዲህ የምትሸጡት መልክ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ የተመለስኩት፦
ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም። ጆሃንስበርግ አካባቢ እንደ ብዙዎቻችን ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ ተሸክሜ በየመንደሩ በዱቤ ስሸጥ ኖሬአለሁ። እዚያ የነፍሰ ገዳዩ የሞዝስ ሲቶሌ ስም ሲነሳ ብልህ ነበር፣ ቆንጆ ነበር የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሴቶቹ ደንበኞቼ የሚያወሩት ስለ ሥራ ነበር። ሲቶሌ በ1994 እና በ1995 ፕሪቶሪያና ጆሃንስበርግ አካባቢ፣ በአትሪጅቪል፣ በቦክስበርግና በክሊቭላንድ ሴቶችን የገደለው ሥራ አገኝላችኋለሁ እያለ ነው። ሥራ የፈለገች ሴት የተሻለ ልብሷን ለብሳ፣ የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ፣ በአቋራጭ እንሂድ ሲላት ሜዳውን አብራው ትሻገራለች። ጉዳዩ እጅግ ከመክበዱ የተነሳ ማንዴላ ራሳቸው ቦክስበርግ ድረስ ሄደዋል። በ1997 በ38 ግድያ፣ በአስገድዶ መድፈርና በዘረፋ 2,410 ዓመት ተፈረደበት፤ የሞት ቅጣት ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 ቀርቶ ነበርና።

ይህ ሰው ቀደም ሲል በአስገድዶ መድፈር ታስሮ የተፈታ ነው። መጀመሪያ ላይ አስከሬን ሲገኝ ማነሽ የሚል አልነበረም፤ ድሃ፣ ጥቁር፣ ሥራ ፈላጊ፣ ከቤት ከወጣች የቆየች። ከባንዲ ሟቾች ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ ካሜራው ቶሎ ደረሰ። የእነዚህ ካሜራ የት ነበር?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከቂሊንጦ ፋብሪካ የምሽት ፈረቃ የሚወጡ ልጆች መብራት በሌለው መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ። ታክሲ ማቆሚያው ጋ ያሉትን የመብራት ምሰሶዎች አንብባችኋል? «ሴት ሠራተኞች እንፈልጋለን፣ ልምድ አይጠይቅም፣ ደመወዝ በስምምነት» ይላል፤ ከሥሩ የሞባይል ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የድርጅት ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም። ከገጠር ትናንት የመጣች ልጅ ትደውላለች፤ ነይ ወዳሏት ትሄዳለች። አብዛኛው ደላላ እንጀራውን የሚፈልግ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ልጃችን ግን ባንዲን አይታ የተማረችው ገዳይ ቮልስዋገን ነድቶ፣ ሱፍ ለብሶ፣ እንግሊዝኛ እያወራ እንደሚመጣ ነው። የሲቶሌን ታሪክ በትክክል የሚያሳይ ካለ ፕሮጀክተሩን ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ቃሌን ወሰድክብኝ። ለፊልም ሠሪዎቹ የምለው አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የያኔዋ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በ2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰው የገደለውን ሰው ስሙን አልጠራውም ብለው ለፓርላማው ተናገሩ፤ የሟቾቹን ስም ጥሩ አሉ። ፊልም እንዲህ መሥራት ያቃታል?

ጠበቃው፦
የንግግሩ ክብር ይገባኛል፤ ለምርመራ ግን አይበቃም። ሺፕማንን ስሙን ሳይጠሩ እንዴት ያጣራሉ? የሟች ቤተሰብ ፈቃድ ይጠየቅ የሚለው ክርክር የተሻለ ነው። በ2022 ስለ ሌላው አሜሪካዊ ገዳይ ስለ ጄፍሪ ዳመር ተከታታይ ድራማ ሲወጣ፣ የሟች እህት ማንም አላማከረኝም ብላ በአደባባይ ተናግራለች። እርሷ ፍርድ ቤት ውስጥ ያለቀሰችውን ተዋናይት እንደገና አለቀሰችው። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። እኔም ብሆን አልከለክለውም፤ ግን አላየውም።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የምሠራው፦
ባለቤቱን አናግሬዋለሁ። ፖስተሩን አነሳለሁ ብሏል። ከ18 ዓመት በታችም አላስገባም፤ መታወቂያ እጠይቃለሁ። ፊልሙ ግን እስከ እሑድ ማስታወቂያ የተነገረበት ስለሆነ ይቀጥላል። የደቡብ አፍሪካውን ካገኛችሁልኝ በነፃ አሳያለሁ፤ ሻይ ግን በሒሳብ ነው።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦
ለፖስተሩ አመሰግናለሁ። አሳቤን ግን አልቀየርኩም፤ እሑድም ቢሆን መታየት የለበትም፣ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ከደቡብ አፍሪካ የተመለስከው ወንድሜ፣ አንተም ና፤ የምሰሶዎቹ ማስታወቂያና የመንገዱ መብራት አጀንዳ ይያዝልን። ለመብራቱ ክፍለ ከተማ ድረስ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ፤ ጠበቃው አንዱ ቢሆኑልኝ ደስ ይለኛል።

ጠበቃው፦
ለመብራቱ እመጣለሁ። ፊልሙ ላይ ግን ስብሰባውም ውስጥ እቃወምዎታለሁ።