ከአዳማ ወጣ ብሎ ያለ መሬት፦ ላዩ አመድማ፣ ታቹ ጥቁር። ምን ዓይነት አፈር ነው?

ኤልሳ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲወረድ ቤተሰባችን ትንሽ መሬት አለው። ከኮረብታው ወገብ ይጀምርና እስከ ሜዳው ይደርሳል። አባቴ ሲያርሰው ኖሯል። አሁን ስለደከመው እኔና ወንድሜ ልንረከበው ነው። ሐሳባችን አቮካዶና ፓፓያ መትከል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ትንሽ ቤት መሥራት ነው።

የቸገረን አፈሩ ነው። የላይኛው ክፍል አመድማ ሆኖ ሲደርቅ ቡን ይላል። ነጫጭ ቀላል ድንጋዮች አሉበት፤ ውሃ ላይ ሲጣሉ ይንሳፈፋሉ። ዝናብ ሲዘንብ ወዲያው ይጠጣዋል። የታችኛው ጥቁር ነው። በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል። አንድ ዘመዳችን «ጥቁሩ ለም ነው፣ እዚያ ትከሉ» ይለናል። ሌላው «ጥቁሩን በመኪና ወደ ላይ ጭናችሁ አልብሱት» ይላል። ስሙን ለማወቅ ብቻ አይደለም የምጠይቀው። ዛፉን የት እንትከል? ቤቱን የት እንሥራ?

የሞጆ ልጅ
ታችኛው ኮትቻ ነው። ሌላ ቦታ ዋልካ ወይም መረሬ ይሉታል። እኛ ጋ ጤፍና ሽምብራ ነው የሚዘራበት። ጤፉ ውሃውን ይችለዋል። ሽምብራው ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ተዘርቶ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። ፍራፍሬ ግን ኮትቻ ላይ ተተክሎ ሲያምርለት አላየሁም። ላይኛው ላይ አባትሽ ምን ይዘራ ነበር? ቦሎቄና በቆሎ ከሆነ ልክ ነው።

ኤልሳ
አዎ! ከላይ ቦሎቄና በቆሎ፣ ከታች ጤፍ።

የአፈር ሰው
እህቴ፣ አባትሽ መሬቱን በደንብ አንብቦታል። እኔ የምጨምረው ምክንያቱን ነው።

ቀለሙን ለጊዜው ተዪውና «ከኮረብታው ወገብ እስከ ሜዳው» ያልሽውን ያዢ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ተንሳፋፊዎቹ ነጫጭ ድንጋዮች ፑሚስ ይባላሉ። ጋዝ የሞላበት ማግማ (ቀልጦ የሚፈስ አለት) ፈንድቶ በቅጽበት ሲቀዘቅዝ የቀሩ ናቸው፤ የሚንሳፈፉትም ውስጣቸው በአየር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ነው። አመዱም ከዚያው ፍንዳታ የመጣ ደቃቅ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። የላይኛው አፈርሽ የተሠራው ከዚህ ነው፤ ገና ወጣት አፈር ነው። በሙያው አጠራር ወደ ቪትሪክ አንዶሶል ይጠጋል። ቀላል ነው፣ ሥር እንደልቡ ይሄድበታል፣ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል። ጉዳቱ ነፋስና ጎርፍ ቶሎ ይዘውት መሄዳቸው ነው። የፎስፈረስ ማዳበሪያንም በከፊል አስሮ ይይዛል። ስለዚህ ማዳበሪያው ከመበተን ይልቅ ከዘሩ ወይም ከሥሩ አጠገብ ቢቀበር ይሻላል።

የታችኛው በሙያው አጠራር ቨርቲሶል ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ማለት ነው። አሁን የአየሩን ነገር አስገቢበት። አዳማ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌንና ነሐሴን ካወጣን ፀሐይና ነፋስ የሚያተኑት ውሃ ከሚዘንበው ይበልጣል። ስለዚህ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ከአካባቢው ታጥቦ አይጠፋም። ከዳገቱ የሟሟው ከሲሊካው (የአሸዋና የብርጭቆ ማዕድን) ጋር ወደ ሜዳው ይወርድና እዚያው ይጠራቀማል። ከዚያ ክምችት ስሜክታይት የሚባል ሸክላ ይወለዳል። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እጅ የሚያስገባው ስንጥቅ የዚህ ሥራ ነው።

ይኸው የእሳተ ገሞራ አለት ጅማ ወይም ወለጋ ቢሆን ኖሮ ዝናቡ እጥፍ ይጠጋልና ማዕድኑን አጥቦ ያወጣው ነበር። የምናገኘውም ቀይ፣ ጥልቅ፣ አሲዳማ አፈር ይሆን ነበር። በሙያው አጠራር ኒቲሶል ነው። ለዚህ ነው የወለጋ ገበሬ አሲዱን ለማብረድ ኖራ ሲፈልግ የአዳማ ገበሬ የማይፈልገው። እባክሽ ማንም መጥቶ «ኖራ ጨምሩ» ቢላችሁ አትስሙት።

አንድ ነገር ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ጉድጓድ እስከ ደረት ቆፍሩ። ግድግዳውን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ ቀለሙና ጥንካሬው የት ላይ እንደሚለወጥ እዩ። በየደረጃው ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ከተንጨረጨረ ካርቦኔት (ኖራ) አለበት ማለት ነው። ለአቮካዶ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሚኪ
ቁፋሮው ከከበዳችሁ የጠርሙስ ሙከራ አለ። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አፈር እስከ ሲሶው፣ ውሃ እስከ አንገቱ፣ ትንሽ ኦሞ ጨምራችሁ በደንብ ናጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ደለሉ በሰዓታት። ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የእያንዳንዱን ውፍረት በማስመሪያ ለኩት። ከሁሉም ወፍራሙ ሸክላው ከሆነ ዋልካ ነው።

የአፈር ሰው
ሚኪ፣ ለጥቁሩ ጥሩ ሙከራ ነው። ለላይኛው ግን ያሳስታል። ፑሚሱ ይንሳፈፋል፣ የእሳተ ገሞራ ሸክላም በኦሞ በደንብ አይበተንም፤ እርስ በርሱ ተያይዞ አሸዋ መስሎ ይወርዳል። በእጅ መሞከር ይሻላል። እፍኝ አፈር አርሳችሁ እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ሪባን አውጡት። ሳይበጠስ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ከባድ ሸክላ ነው። 2.5 ሳይደርስ ከተቆረጠ ቀላል አፈር ነው።

ሲቪል
ስለ ቤቱ እኔ ልመልስ። ጥቁሩ ላይ አትሥሩ። የሚያብጥና የሚኮማተር አፈር ቀላል ቤትን በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ግድግዳው ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ሰው ብሎኬቱን ይወቅሳል፤ ችግሩ ግን ከታች ነው። ግዴታ እዚያ ከሆነ ጥቁሩን ቆርጦ አውጥቶ በሰለክት ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ ሙሌት) መተካት ያስፈልጋል። ለትንሽ ቤት ያ ብዙ ብር ነው።

ላይኛው ይሻላል። ግን ልቅ አመድ ውሃ ሲገባበት ድንገት ሊሰምጥ ይችላል። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስባችሁ ከመሠረቱ አርቁት። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ከቤቱ አጠገብ አታድርጉት። መሠረቱ አመዱን አልፎ ጠንካራው ላይ እንዲያርፍ ባለሙያ ይየው።

ወንጂ ያደግኩ
ልጄ፣ ስለ ውሃው ማንም አላነሳም። በምን ልታጠጡ ነው? የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ነው፤ አገዳው የበቀለው በአዋሽ ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ አካባቢ ያደግን ብዙዎቻችን ጥርሳችን ቡናማ ነው። ከእሳተ ገሞራው አለት ወደ ጉድጓድ ውሃው የሚገባው ፍሎራይድ ነው ያደረገን። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ጉድጓድ ካስቆፈራችሁ ሳታስመረምሩ ልጆች እንዳይጠጡት፣ አደራ። ብታፈሉትም ፍሎራይዱ አይወጣም።

ኤልሳ
ጋሼ፣ ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጉድጓድ ለማስቆፈር ነበር ያሰብነው፤ ውሃውን እናስመረምራለን። ለተክሉስ ይጎዳል ወይ?

የአፈር ሰው
ለተክሉ የሚያሰጋው ሶዲየሙና ባይካርቦኔቱ ነው። የዚህ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ በሁለቱም ሊበዛ ይችላል። ሶዲየም የበዛበት ውሃ ጥቁሩ ላይ ከፈሰሰ ሸክላውን ይበትነዋል። ገጹ ይደፈናል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ቀላሉ አፈር የተሻለ ይችለዋል። ስታስመረምሩ ጨዋማነቱንና የሶዲየሙን መጠን ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር አነጻጽረው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

ኤልሳ
ተመልሻለሁ። ወንድሜ ሁለቱንም ጉድጓድ ቆፈረ።

ከላይ፦ መጀመሪያ ግራጫ ልቅ አፈር፣ ወደ ጉልበት ድረስ። ከዚያ በነጭ ፑሚስ ብቻ የተሞላ ንጣፍ፣ ስንዝር የሚያህል። ከሥሩ እንደገና ጠቆር ያለ፣ ጠንከር ያለ አፈር አለ! ኮምጣጤው የትም አልተንጨረጨረም። ሪባኑ ገና ሲወጣ ይቆረጣል።

ከታች፦ እስከ ደረት ጥቁር ነው፣ ብዙም አይለወጥም። ወገብ አካባቢ ሲገመስ የሚያብረቀርቅ፣ በሰያፍ የተጫረ ገጽ አለው። እዚያው ነጫጭ ጠጠሮች ይጀምራሉ፤ ኮምጣጤ ሲነካቸው ይንጨረጨራሉ። ሪባኑ ረጅም ይወጣል።

የአፈር ሰው
ጎበዞች! በጣም ጥሩ መግለጫ ነው።

የሚያብረቀርቀው ሰያፍ ገጽ ሸክላው አብጦ እርስ በርሱ ሲንሸራተት የሚፈጠር ነው። ያ፣ ስንጥቁና የሸክላው ብዛት ሲደመሩ ቨርቲሶል ነው ለማለት በቂ ናቸው። ነጫጮቹ የኖራ ጠጠሮች ናቸው። ዝናቡ ወደ ወገብ አድርሷቸው ከዚያ በታች መግፋት አልቻለም። የአዳማ አየር እዚያ ግድግዳ ላይ ተጽፏል።

ከላይ ያገኛችሁት ደግሞ ሁለት አፈር ነው። ጠቆር ያለው ቀድሞ የነበረ አፈር ነው። ተራራው ሲፈነዳ ፑሚሱና አመዱ አለበሱት፤ ከዚያ በላዩ አዲስ አፈር ተጀመረ። ይህን ማየት ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ለተከላው ያለው ትርጉም ይህ ነው። ደቃቅ አፈር በሻካራ ፑሚስ ላይ ሲያርፍ ውሃው ወዲያው ወደ ታች አይወርድም፤ ላይኛው እስኪጠግብ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ለቦሎቄ ጥሩ ነው። ለዛፍ ግን የመትከያው ጉድጓድ የፑሚሱን ንጣፍ በስቶ እስከ ጠቆር ያለው አፈር ይድረስ። የወጣውን ሁሉ ከበሰበሰ ፍግ ጋር አቀላቅላችሁ መልሱት። ሥሩ ያኔ አሮጌው አፈር የያዘውን እርጥበት ያገኛል።

አቮካዶው ከላይ ይሁን። ውሃ ያዘለ መሬት ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ኖራ ያለበት አፈር ላይ ደግሞ ብረት መሳብ ስለሚቸግረው ቅጠሉ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ይበጫል። ጥቁሩ ሁለቱም ችግር አለበት። ፓፓያም ከአቮካዶው ጋር ከላይ፤ እሷም ውሃ የሚተኛበትን አትወድም። ጥቁሩን ወደ ላይ መጫን አያስፈልግም። የመኪናውን ብር ፍግ ግዙበት።

ታቹን ለጤፍና ለሽምብራ ተዉት። ሰፋፊ መደብና ቦይ ብታወጡለት ክረምት ላይ የሚተኛው ውሃ ይቀንሳል።

የሞጆ ልጅ
ዳገቱ ላይ ግን ሽቅብና ቁልቁል እንዳታርሱ። ያ አመድ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ቦይ ይሠራል፣ ቦዩ ቶሎ ገደል ይሆናል። አግድም እርከን ሥሩ፣ ጠርዙ ላይ ቬቲቨር ወይም የዝሆን ሣር ትከሉ። ሣሩ ለከብትም ይሆናል። ግራሮቹን አትቁረጡ፤ ነፋሱን ያበርዱላችኋል።

ኤልሳ
ገባኝ። ቤተ ሙከራ መውሰድስ ያስፈልጋል? ናሙናውን እንዴት ነው የምናወጣው?

የአፈር ሰው
ያስፈልጋል፤ ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ይሁን። ሁለቱን ክፍል ፈጽሞ አታቀላቅሉ። በእያንዳንዱ ክፍል በዚግዛግ እየሄዳችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከገጹ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውሰዱ። ፍግ የተከመረበትን፣ የከብት መዋያና ከዛፍ ሥር ያለውን ዝለሉ። በንጹሕ ባልዲ ቀላቅላችሁ አንድ ኪሎ ያህል አስቀሩ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ከረጢቱ ላይ «ላይ» እና «ታች» ብላችሁ ጻፉ። ለዛፉ ቦታ ከጠቆረው አሮጌ አፈር ሦስተኛ ናሙና ጨምሩ። ፒኤች (የአሲድነት መጠን)፣ ጨዋማነት፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ዚንክ ጠይቁ።

መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ ቅርብ ነው። በቆላና በፍራፍሬ ሰብል ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራ ማዕከል ስለሆነ የአቮካዶውን ዝርያ ሳትገዙ እዚያ ጠይቁ። ጉድጓዶቹን እስከዚያ አትድፈኗቸው፤ የሚመጣው ባለሙያ በዓይኑ ይያቸው። ግን ከብት እንዳይገባባቸው በእሾህ እጠሯቸው።