ኮምቦልቻ የለመደው ቲማቲሜ ደሴ ላይ እምቢ አለኝ፤ የልጄ «የገበሬ ልደት» ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀረው

የሚጣ እናት፣ ደሴ (ኅዳር 6)

ሰላም ለሁላችሁ። መስከረም ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተዛውረን ሆጤ አካባቢ ተከራይተናል። ልጄ ቅዳሜ ኅዳር 27 አምስት ዓመት ይሞላታል። የሰው ልጅ በልዕልት ቀሚስ ልደቱ ሲከበርለት የእኔዋ «የገበሬ ልደት ነው የምፈልገው» ብላ ድርቅ ብላለች። አያቷ ቃሉ ወረዳ ማሽላና ቲማቲም ያመርታሉ፤ ክረምቱን እዚያ ከርማ ከተመለሰች ወዲህ ነው ይህ ሐሳብ የገባባት። እንግዶቿ ቲማቲም ከእግሩ ላይ ቀጥፈው ወደ ቤታቸው እንዲወስዱ ትፈልጋለች።

እኔም እሺ ብዬ በጥቅምት መጀመሪያ በባዶ የእርጎ ዕቃ ዘር ዘራሁ። ኮምቦልቻ ጓሯችን ውስጥ ከሰላጣ ሳህን የተደፋ ዘር እንኳ ይበቅል ነበር። እዚህ ግን ሁለት ቅጠል አወጣና ቀጥ አለ። ትናንት ጠዋት ደግሞ ውጭ ያደሩት አራቱ የፈላ ውሃ የተደፋባቸው መስለው፣ ጠቁረውና ተኝተው አገኘኋቸው። ምን ሆነውብኝ ነው?

ሌላም ጭንቀት አለብኝ። የሚመጡት ልጆች አሥራ ሁለት ናቸው፤ ትንሹ ሦስት ዓመቱ፣ ትልቁ ሰባት። ግቢያችን ጠባብና ሲሚንቶ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀኑ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ከልጆቹ ግማሾቹ ደግሞ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። ምን ላብላቸው? ሦስት ሰዓት ሙሉስ ምን እያሠራሁ ላቆያቸው? ወጪው ከ4,000 ብር ባያልፍ ደስ ይለኛል።


ጡረተኛ የግብርና መምህር (ኅዳር 6)

ልጄ፣ ዘርሽም እጅሽም ደህና ነው፤ ውርጭ ነው የመታቸው። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሰው አገር የቀየረ አይመስለውም፤ ተክል ግን ያውቀዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በዚያች አጭር ዳገት አራት ዲግሪ ጥለሽ መጥተሻል። ቲማቲም ከ10 ዲግሪ በታች ማደጉን ያቆማል። ሰማዩ ጥርት ባለበት የኅዳር ሌሊት ደግሞ መሬቱ ሙቀቱን ሲለቅ ያድራል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሥጋውን ይቀደዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት የተቀቀለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የቀሩትን ማታ ማታ ቤት አስገቢያቸው። ውጭ ማደር ካለባቸው የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹን ቆርጠሽ ድፊባቸው፤ ጠዋት ክዳኑን ክፈቺ፤ አለዚያ ፀሐዩ ያፍናቸዋል። ለልደቱ ግን አትጠብቂያቸው። ቲማቲም ከዘር እስከ ፍሬ ሦስት አራት ወር ይፈልጋል።

ልጆቹ በእጃቸው የሚተክሉትን ከጠየቅሽኝ ነጭ ሽንኩርት ነው። ብርድ አይፈራም፤ እንዲያውም ይወድዳል። ጥቂት ራስ ፈልቅቀሽ ወፍራም ወፍራሙን ምረጪ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ፍንካች ይበቃል። ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ፣ ሥሩን ወደ ታች አድርጎ ጣቱ እስከ ሁለተኛው አንጓ እስኪገባ ይቅበረው። በሳምንት በአሥር ቀን ብቅ ይላል። የዕቃውን ታች መብሳት እንዳትረሺ። ይህን ሰው ሁሉ ይሰማኛል፤ ማንም አያደርገውም።


የፒያሳ ባለ ሱቅ (ኅዳር 7)

ለምን ይህን ያህል ትቸገራላችሁ? ከገበያ አንድ ኪሎ ቲማቲም ገዝታችሁ ሌሊቱን አንድ ቁጥቋጦ ላይ በክር ማንጠልጠል ነው። ልጅ ነች፤ ምን ታውቃለች?


ጡረተኛ የግብርና መምህር (ኅዳር 7)

ክረምቱን ሙሉ አያቷ ማሳ ላይ የዋለችን ልጅ በክር በታሰረ ቲማቲም? ከመቀጠፏ በፊት ነው የምትስቅብህ።


የሁለት ወንዶች እናት፣ ኮምቦልቻ (ኅዳር 7)

አያቷ ቃሉ ካሉ ነገሩ አልቋል እኮ! ፍሬ የያዘ አንድ እግር ቲማቲም ከነአፈሩ በባልዲ ይላኩ። ዋዜማውን በሚኒባስ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ግቢ ይወጣል። የበቀለበትን ቦታ ማንም አልዋሸም።

ከእኔ ደግሞ አንድ ነገር ያዢ፤ «ጸጉራም እንቁላል» እንለዋለን። ጾሙ ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት የምትሰብሪውን እንቁላል ሁሉ አናቱን ብቻ ከፍተሽ ቅርፊቱን አስቀምጪ። ቅርፊቱን አፍልተሽ አድርቂውና እርጥብ ጥጥ ሙዪበት። ከዚያ ከሰኞ ገበያ የቅመም ተራ ፌጦ ገዝተሽ ላዩ ላይ ነስንሺ። ፌጦ ውሃ ሲነካው ያሟልጫል፤ እያንዳንዷ ፍሬ እንደ እንቁራሪት ዕንቁላል በዝልግልግ ነገር ተሸፍና ጥጡ ላይ ልጥፍ ትላለች። ሞቅ ባለ ቦታ በሁለት በሦስት ቀን ይበቅላል፤ ደሴ ብርድ ስለሆነ ሰባት ቀን ስጪው። ልጆቹ ሲመጡ አረንጓዴ ጸጉር ያወጣ እንቁላል ያገኛሉ። ዓይንና አፍ ይሥሉበትና በመቀስ ያስተካክሉታል። የእኔ ትልቁ ልጅ የአባቱን ራሰ በራ ነው የቆረጠው፤ ከጎን ብቻ ትቶ።

ውሃውን በማንኪያ አጠጪ። በፈረቃ ለምትኖር ሴት ከዚህ የሚሻል እርሻ የለም።


የጦሳ ሥር ጎረቤት (ኅዳር 8)

አብሽሪ እህቴ፣ የምግቡ ነገር ቀላል ነው። ሁሉንም የጾም አድርጊው፤ ያኔ ማን ያረደው ሥጋ ነው የሚል ጥያቄም አይመጣም። እኛ ሠፈር ለዓመታት እንዲህ ነው የኖርነው። የምስር ሳምቡሳ፣ ድንች በቀይ ሥር፣ ድፎ ዳቦ፣ ፈንድሻ፣ ሙዝና ብርቱካን። ለትንንሾቹ የበርበሬውን እጅ ሰብሰብ አድርጊ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ ያቺ የምትለጠጠው ከረሜላ። አብዛኛዋ ጄላቲን አለባት፤ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ለእናንተም ጾም አትሆንም፤ ለእኛም ከምን እንስሳ እንደሆነ ካልተጻፈ ልጆቹን ከልክለን ማስለቀስ ነው። ሳምቡሳውን እኔው ጠቅልዬ አመጣለሁ ብልሽ ቤትሽ የት እንደሆነ አላውቅም እንጂ።


ኬክ ጋጋሪዋ፣ ቧንቧ ውሃ (ኅዳር 8)

ኬኩን ራስሽ ጋግሪው፤ የገበሬ ልደት ስለሆነ ማሳ ይምሰል። 3 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 2 ኩባያ ስኳር፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 10 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 2 ኩባያ ውሃ። ዕንቁላል የለ፣ ወተት የለ። የሚያነሳው ቤኪንግ ሶዳው ከአቼቶው ጋር ሲገናኝ ነው፤ ስለዚህ ቀላቅለሽ አታስቀምጪው፤ ወዲያው ምድጃ ይግባ።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። ይህ ልክ ለቆላ አገር ነው። መጽሐፍ ላይ ሶዳው 2 የሻይ ማንኪያ ነው የሚለው፤ ደሴ ላይ እንዲህ ካደረግሽ ኬኩ ቡፍ ይልና መሐሉ ገደል ይሆናል። አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙ ቶሎ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጠነክር ይፈነዳል። ውሃም እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይሄዳል። እኔ ሶዳውን 1 ከሩብ አደርገዋለሁ፤ ከስኳሩ ሦስት ማንኪያ እቀንሳለሁ፤ ከውሃው አራት ማንኪያ እጨምራለሁ። ከቀዘቀዘ በኋላ ጠርዙን ቆርጠሽ በእጅሽ ፈርፍሪውና ላዩ ላይ በትኚው፤ ጥቁር አፈር ይመስላል። ካሮት በቁመቷ ከነቅጠሏ ሰካ ሰካ አድርጊ። ለባለ ሱቅ ኬክ የምታወጪው ብር ይተርፍሻል።


የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ደሴ (ኅዳር 9)

ሦስት ሰዓት ብለሽ አትጥሪ። ሁለት ሰዓት በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልቅሶ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አንድ ሥራ ላይ አሥር ደቂቃ ከቆየ ትልቅ ነገር ነው፤ የሰባት ዓመቱ ግን ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይሠራል። ለሁለት ክፈያቸው።

ትልልቆቹ የወፍ ማስፈራሪያ ይሥሩ። አንድ ባዶ ማዳበሪያ፣ ጭድ፣ የአባትየው አሮጌ ሸሚዝና ሁለት ዱላ ይበቃል። ጭድ መጠቅጠቅ የወደደ ልጅ ሌላ ጨዋታ አይጠይቅም። ትንንሾቹን ካርቶን ላይ ማሽላና በቆሎ እያጣበቁ ሥዕል አሠሪያቸው። ሙጫ አትግዢ፤ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአራት ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ እሳት ላይ እያማሰልሽ አወፍሪው፤ ሲቀዘቅዝ ይይዛል፤ ቢልሱትም አይጎዳቸውም። ይልሱታል ደግሞ።


የሕፃናት ክፍል ነርስ (ኅዳር 9)

ከላይ ያለውን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ልጄ ሦስት ዓመቱ ሳለ እንዲህ ባለ ጨዋታ መሐል ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅነው። በንፍጡ እርሶ አብጦ ነበር። ነርስ ሆኜ! ስለዚህ ለሦስት ዓመቶቹ እህሉን ተዪው፤ የተቆራረጠ ወረቀትና ቅጠል ስጫቸው። ቢገባ በወረንጦ አትጎርጉሪ፤ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ሌላኛውን ቀዳዳ በጣትሽ ደፍነሽ ይናፈጥ፤ ካልወጣ ጤና ጣቢያ።

ሁለተኛ፣ ልጆች ለሥዕሉ ከአጥር ሥር ፍሬ እንዳይለቅሙ። ጉሎ ዝንጉርጉር ስለሆነች ዓይን ትስባለች፤ ጥቂት ፍሬ ታኝካ ከተዋጠች ሕፃን ልትገድል ትችላለች። አስተናግርም እንደዚያው ነው። ግቢውን አስቀድመሽ ዙሪ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ወዲያው ይነሳ።


የቃሉ ልጅ (ኅዳር 9)

ገበሬ ገበሬ ትላላችሁ፤ ጥንቅሽ የሌለበት የገበሬ ልደት አለ? በዚህ ወር አያትየው ዘንድ አይጠፋም። ቅርፊቱን ግን አዋቂ ይላጠው፤ እንደ ምላጭ ነው፤ ከንፈርና ጣት ይቆርጣል። በስንዝር ስንዝር ቆርጣችሁ ስጧቸው፤ ያኔ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ባልዲውን ቲማቲም በተመለከተ፣ ዋዜማው ማታ በደንብ ጠጥቶ ይደር። ሲነሳ አፈሩ ከሥሩ ዙሪያ አንድ አንድ ስንዝር ይያዝለት።


የሚጣ እናት፣ ደሴ (ኅዳር 10)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሚጣ እውነቱን ነገርኳት። የጠቆሩትን አሳየኋትና ብርድ እንደገደላቸው አስረዳኋት። ትንሽ ዝም ብላ «ደሴ ቲማቲም አትወድም?» አለችኝ። ነጭ ሽንኩርት ትወዳለች አልኳት። አልተደሰተችም። ባልዲ ግን እንደሚመጣ ስትሰማ ፊቷ በራ። ግቢውን ኅዳር 12 ቆሻሻ ስናጥን እናጸዳዋለን፤ ያን ዕለት እሠፈሩ ጭስ ውስጥ ከመቀመጥ ሥራ ይሻላል።


የሚጣ እናት፣ ደሴ (ታኅሣሥ 14)

ዘግይቼ መመለሴን ይቅር በሉኝ፤ ከልደቱ በኋላ ሁለቱም ልጆቼ ጉንፋን ያዛቸው።

ቲማቲሙ ዓርብ ማታ በአባቴ ጭን ላይ ሆኖ በሚኒባስ መጣ። ለባልዲው የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍለውለታል። ዘጠኝ ቀይ ፍሬ፣ ሦስት አረንጓዴ፤ እንግዶቹ አሥራ ሁለት። ቀዮቹን የያዙት ልጆች አረንጓዴ ካልሰጣችሁን ብለው ተንጫጩ! ምክንያቱ እስካሁን አልገባኝም። አባቴ «አረንጓዴው ነገ የሚበላ ነው» ብለው አባባሱት።

ኬኩ ልክ እንደተባለው ተነሳ፤ መሐሉ አልሰመጠም። አፈር መስሎ የቀረበ ጊዜ ግን የአራት ዓመቱ ጎረቤታችን አልበላም ብሎ ዳቦ ነው የበላው። ማስፈራሪያው አሁንም በር ላይ ቆሟል፤ የባለቤቴን ሸሚዝ ለብሷል፤ አከራያችን ማታ ሲገቡ ሁለት ጊዜ «እንደምን አመሸህ» ብለውታል። ጥንቅሹ ላይ የቃሉ ልጅ እውነቱን ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ድምፅ አልነበረም።

ፌጦው በስድስተኛው ቀን ጸጉር ሆነ። ሁሉም ቆረጡ፤ ሚጣ ብቻ የራሷን አላስነካም። መስኮት ላይ አስቀምጣ በየቀኑ በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ ጸጉሩ ረዝሞ በአንድ ጎን ተኝቷል።

ጋሼ መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ነጭ ሽንኩርቱ በቅሎ ጥሩ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ግን የእኛና የሁለት ጎረቤቶቻችን ልጆች ጫፉ ቢጫ ሆነ። ብርዱ ይሆን?


ጡረተኛ የግብርና መምህር (ታኅሣሥ 14)

ብርድ አይደለም ልጄ፤ ውሃ ታቁሮበት ነው። የዕቃውን ታች በስታችሁት ነበር?


የሚጣ እናት፣ ደሴ (ታኅሣሥ 14)

አልበሳነውም፣ ጋሼ። ምስማር እያሞቅኩ ነው።